ኮምፒውተራችሁ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ወደ ውጭ የሚወጡ ግንኙነቶችን የማያና የመዝጊያ መመሪያ

ኮምፒውተሩን አብሩና ምንም ሳትነኩ ትንሽ ቆዩ። ብራውዘር አልተከፈተም። የሚወርድ ፋይል የለም። ማሽኑ ግን ዝም አላለም። አንዱ ፕሮግራም አዲስ አፕዴት መኖሩን ይጠይቃል። ሌላው እንዴት እንደተጠቀማችሁበት ለሠሪው ድርጅት ሪፖርት ያደርጋል። አብዛኛው ክፋት የለበትም። አንዳንዱ ግን ማንም ሳይፈቅድለት ይወጣል፣ ዳታም ይበላል።

«ፋየርዎል አለኝ» ማለት እዚህ ላይ ብዙም አያዋጣም። የዊንዶውስ ፋየርዎል እንዳለ ከተተወ፣ የሚያጣራው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ከውስጥ የሚወጣውን፣ ክልከላ ካልተጻፈበት በቀር፣ ያሳልፋል። የሚገባውን መታወቂያ እየጠየቀ፣ የሚወጣውን ቀና ብሎ እንኳ የማያይ ዘበኛ በሉት። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጭራሽ የሚወጣውን መከልከል አይችልም ነበር። ያንን ችሎታ ያገኘው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ማክ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ የምታገኙት ፋየርዎል ደግሞ ዛሬም የሚገባውን ብቻ ነው የሚመለከተው።

መመሪያው በዋናነት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ሆም የሚባለው እትም ይበቃል፣ ፕሮ አያስፈልግም። ማክና ሊኑክስ የምትጠቀሙም አልተረሳችሁም፣ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ማየት ብቻ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳያይ መዝጋት ሲጀምር ነው። ያገኘውን ሁሉ ይዘጋል፣ በማግስቱ ፕሪንተሩ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ተናዶ ሁሉንም ይከፍታል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ምንም አትዝጉ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ስሙ ሪሶርስ ሞኒተር ነው። ስታርት ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፉና ክፈቱት፣ ከዚያ «ኔትወርክ» የሚለውን ትር ጫኑ። አራት ሳጥኖች ታያላችሁ። ከላይ ያለው አሁን ኔትወርክ እየተጠቀሙ ያሉትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል። «ሴንድ» የሚለውን ዓምድ ርዕስ ስትጫኑት፣ ብዙ የሚልከው ከላይ ይወጣል። ከአንዱ ፕሮግራም ፊት ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ብታደርጉባት፣ ከታች ያሉት ዝርዝሮች የእሱን ብቻ ያሳያሉ። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ግን ሥራውን በግማሽ ታቀላለች።

«ቲሲፒ ኮኔክሽንስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ካለው መስመር ላይ ሦስት ነገር አንብቡ። የፕሮግራሙን ስም፣ የሩቁን አድራሻ፣ የሩቁን ፖርት (ግንኙነቱ የሚገባበትን የበር ቁጥር በሉት)።

አድራሻው 127.0.0.1 ከሆነ እለፉት። ማሽኑ ከራሱ ጋር ነው የሚያወራው፣ ከቤት አልወጣም። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ራውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ቴሌቪዥኑ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ላይ ነው ትኩረታችሁ የሚያስፈልገው። ፖርቱ 443 ከሆነ የተመሰጠረ የዌብ ግንኙነት ነው፣ ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእሱ ነው የሚሄደው። 80 ያልተመሰጠረው ነው። 53 የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ሌላ እንግዳ ቁጥር ስታዩ ቆም በሉ፣ ግን አትደንግጡ። ጌሞችና የቪዲዮ ስብሰባ አፖች የራሳቸው ፖርት አላቸው።

ሪሶርስ ሞኒተር አንድ ድክመት አለው። ብልጭ ብለው የሚጠፉ አጫጭር ግንኙነቶችን መያዝ ይከብደዋል። ለዚያ ቲሲፒቪው የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። ሲስኢንተርናልስ ከሚባለው፣ ማርክ ሩሲኖቪች ከጀመረው የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ አንዱ ነው። ማይክሮሶፍት ስብስቡን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለገዛው ዛሬ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ነው የሚወርደው። ከሌላ ቦታ አታውርዱት። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁኔታው ሲቀየር ቢጫ፣ ሲዘጋ ቀይ። አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ አጠገቡ አድርጋችሁ ተመልከቱት። «ካልኩሌተር ለምን ኢንተርኔት አስፈለገው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው።

ይሄ ማን ነው?

ስም ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ማንም ሰው ለፋይሉ የፈለገውን ስም ሊያወጣ ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፕሮግራሙን በቀኝ ጫኑ፣ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ፋይሉ የት ነው የተቀመጠው? የታወቀ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ወይም በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። በጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ተደብቆ የሚሠራና ኢንተርኔት የሚጠቀም ነገር ካገኛችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ፋይሉን በቀኝ ጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ትር ፈልጉ። የሠሪው ስም እዚያ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ይህ ትር የላቸውም፣ ምክንያቱም ፊርማቸው የተቀመጠው ለብቻው በካታሎግ ፋይል ውስጥ ነው። ስለዚህ ትሩ ጠፋ ብላችሁ ወዲያው ቫይረስ ነው አትበሉ። ከሲስኢንተርናልስ ስብስብ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ብትጠቀሙ ሁለቱንም ዓይነት ፊርማ ያረጋግጥላችኋል። ፋይሉን በብዙ አንቲቫይረስ በሚፈትሸው ድረ ገጽ፣ በቫይረስቶታል ላይ ማስመርመርም ይቻላል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትጫኑ፣ የተጫነ ፋይል ሌሎች የደህንነት ባለሙያዎች ሊያዩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ትልቁ ራስ ምታት እንምጣ። ኤስቪሲሆስት። ዝርዝሩ ውስጥ በብዛት ታዩታላችሁ፣ ብዙ ሰውም ቫይረስ ይመስለዋል። አይደለም። የዊንዶውስ አገልግሎቶች ተሳፍረው የሚሠሩበት ሂደት ነው። ሰዓት የሚያስተካክለውም፣ አፕዴት የሚያወርደውም በዚሁ ስም ነው የሚወጣው። ትክክለኛው «ሲስተም32» በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ሌላ ቦታ ካያችሁት ወይም ስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ከተቀየረች፣ ያኔ ነው ችግሩ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማንም ምንም አያደርግም፣ ኢንተርኔቱ ግን ተንቀርፍፏል። ሪሶርስ ሞኒተር ላይ «ሴንድ»ን ስትደረድሩ ኤስቪሲሆስት ከላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ዳታ ይልካል። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» ላይ በሂደት ቁጥሩ («ፒአይዲ» በሚለው ዓምድ ያለው) ፈልጋችሁ በቀኝ ጫኑና «ጎ ቱ ሰርቪስስ» በሉ። «ዲኦኤስቪሲ» የሚል ስም ከበራ መልሱ ተገኘ። ይህ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ነው፤ እናንተ ያወረዳችሁትን የዊንዶውስ አፕዴት ቆራርጦ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍለው አገልግሎት። ከሌሎቹ ጋር የሚገናኘው በ7680 ፖርት ነው። ሌባ አይደለም፣ ግን የምትከፍሉበትን ኢንተርኔት ለሌላ እያካፈለ ነው።

ይህን በፋየርዎል መዝጋት አያስፈልግም። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ገብታችሁ ከሌሎች መሣሪያዎች ማውረድን የሚፈቅደውን ማብሪያ አጥፉ። አፕዴቱ እንደወትሮው መምጣቱን ይቀጥላል። እዚያው ገጽ ላይ ያለው «አክቲቪቲ ሞኒተር» ምን ያህል እንደተላከ ያሳያችኋል። አይታችሁት ብትገረሙ አልገረምም።

ከመዝጋት በፊት ማጥፋት

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፋየርዎል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። አንድን ፕሮግራም ከነጭራሹ የማትጠቀሙበት ከሆነ አጥፉት። የምትጠቀሙበት፣ ግን ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር አብሮ መነሳት የሌለበት ከሆነ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» ላይ አስተኙት። የአጠቃቀም መረጃ የሚልክ ከሆነ መጀመሪያ የራሱን ሴቲንግ ፈትሹ፣ ብዙዎቹ ማጥፊያ አላቸው። የዊንዶውስ የራሱ ደግሞ በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር «ዳያግኖስቲክስ ኤንድ ፊድባክ» ውስጥ ነው። እዚያ አማራጭ የሆነውን መረጃ መላክ ማቆም ይቻላል። ግዴታ የሚባለውን ግን በሆምና በፕሮ እትሞች ላይ ከዚያ ማጥፋት አይቻልም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አልሰማ ያለ ፕሮግራም ይኖራል። ለእሱ ነው ቀጣዩ።

በዊንዶውስ ፋየርዎል መዝጋት

ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ዲፌንደር ፋየርዎል ዊዝ አድቫንስድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ከቀኝ በኩል «ኤክስፖርት ፖሊሲ» የሚለውን ጫኑና አሁን ያለውን ሁኔታ በፋይል አስቀምጡ። ይህን ዝለሉት ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙት።

1. በግራ በኩል «አውትባውንድ ሩልስ»፣ ከዚያ በቀኝ በኩል «ኒው ሩል» የሚለውን ጫኑ።
2. «ፕሮግራም» የሚለውን መርጣችሁ «ኔክስት» በሉ።
3. «ዲስ ፕሮግራም ፓዝ» ላይ «ብራውዝ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ፋይል ራሱን ምረጡ። አቋራጩን ሳይሆን ዋናውን።
4. «ብሎክ ዘ ኮኔክሽን» የሚለው መመረጡን አረጋግጡ።
5. ዶሜን፣ ፕራይቬትና ፐብሊክ፣ ሦስቱም ምልክት ይኑራቸው። አንዱን ብትተዉ ሌላ ዋይፋይ ላይ ስትገቡ ክልከላው ላይሠራ ይችላል።
6. ስም ስጡትና «ፊኒሽ» በሉ። የስሙን መጀመሪያ 00 አድርጉት። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ በስም ስትደረድሩት የእናንተዎቹ ደንቦች ከላይ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱና በቲሲፒቪው ተመልከቱ። ከእንግዲህ የተገናኘ መስመር መታየት የለበትም። አሁንም የሚወጣ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ ፋይል ስላለው ነው። ዋናው አንድ፣ አፕዴት የሚፈትሸው ሌላ፣ ብልሽት የሚያሳውቀው ሌላ። ለእያንዳንዱ የየራሱ ደንብ ያስፈልጋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ደንቡ የሚሠራው በፋይሉ ሙሉ አድራሻ ነው። አንዳንድ አፖች ራሳቸውን ሲያድሱ አዲስ ፎልደር ከፍተው እዚያ ይገባሉ። ያኔ ደንባችሁ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀው። ተዘግቶ የነበረ ፕሮግራም ድንገት መገናኘት ከጀመረ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

በአይፒ አድራሻ መዝጋት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን አልመክርም። አድራሻው የማን እንደሆነ ስታጣሩ አማዞን ወይም ክላውድፍሌር ይላችኋል። ያ ማለት ግን ከአማዞን ጋር እየተገናኛችሁ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ድርጅት ከእነዚህ ሰርቨር ይከራያል፣ አንድ አድራሻም ለብዙ ድረ ገጾች ሊያገለግል ይችላል። እሱን ስትዘጉ ያልበደላችሁም አብሮ ይዘጋል። የምትፈልጉት ድርጅት ደግሞ ነገ በሌላ አድራሻ ይመጣል።

አንድ ጥሩ ነገር፣ ለአንድ ፕሮግራም የፈቃድም የክልከላም ደንብ ካለ፣ በዊንዶውስ ፋየርዎል በተለመደው አሠራር የሚያሸንፈው ክልከላው ነው።

ኤስቪሲሆስትን በጅምላ አትዝጉ። ዲኤንኤስም አፕዴትም አብረው ይሄዳሉ። አንድ አገልግሎት ብቻ መዝጋት ካስፈለገ ደንቡን ስትሠሩ ከ«ፕሮግራም» ይልቅ «ከስተም»ን ምረጡ፣ እዚያ ለአንድ አገልግሎት ብቻ የሚሠራ ደንብ መጻፍ ይቻላል። የአንቲቫይረስና የብራውዘር አፕዴትንም ተዉአቸው። ጥቂት ሜጋባይት ለማዳን ብሎ ኮምፒውተርን ለታወቀ ቀዳዳ ማጋለጥ ሒሳቡ አይመጣም።

ሁሉን ዘግቶ የተፈቀደውን ብቻ ማሳለፍ

አንዳንዱ ሰው በዚህ አይረካም። ሁሉም ይዘጋ፣ እኔ የፈቀድኩት ብቻ ይውጣ ይላል። በዊንዶውስ ፋየርዎል «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አውትባውንድ ኮኔክሽንስ» የሚለውን «ብሎክ» ማድረግ ይቻላል። ግን ዊንዶውስ ወደ ውጭ ለሚወጣ ነገር አይጠይቃችሁም። ዝም ብሎ ይጥለዋል። ብራውዘሩ ራሱ እስኪፈቀድለት ድረስ አይሠራም፣ ማን እንደተከለከለ የሚነግራችሁም የለም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ መሄድ ከፈለጋችሁ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጨምሩ። ሲምፕልዎል ቀላልና ነፃ ነው። ፖርትማስተር ኮዱ ክፍት ነው፣ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ድረ ገጽ እንደጠራም በስም ያሳያል። ግላስዋየር በግራፍ ማየት ለሚወድ ይመቻል። አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለት አንድ ላይ ሲጫኑ የትኛው እንደዘጋ መለየት መከራ ነው።

የሚጠይቅ ፕሮግራም ጣጣው መጠየቁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስኮቱ እየደጋገመ ይመጣል። ሰው ይሰለችና ሳያነብ «ፍቀድ» ማለት ይጀምራል። ያኔ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ነው። የማታውቁት ሲመጣ ለጊዜው ከልክሉና የሚበላሽ ነገር ካለ ተመልከቱ። ምንም ካልተበላሸ አላስፈለገም ማለት ነው። ጥያቄዎቹን ረጋ ብላችሁ መመለስ ከቻላችሁ ቀጥሉ፤ ካልቻላችሁ ደግሞ ቀደም ሲል ያየነው፣ አንድ በአንድ የመዝጋቱ መንገድ ይሻላችኋል።

ያለተጨማሪ ፕሮግራም የትኛው ግንኙነት እንደተከለከለ ለማየት የዊንዶውስን ፋየርዎል ምዝገባ አብሩ። እዚያው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎጊንግ» አጠገብ «ከስተማይዝ» ጫኑና «ሎግ ድሮፕድ ፓኬትስ» የሚለውን «የስ» አድርጉ። የፋይሉ ቦታ እዚያው ተጽፏል፣ መጠኑ ሲጀመር 4,096 ኪሎባይት ነው። በኖትፓድ ስትከፍቱት «ድሮፕ» የሚል ቃል ያለበትና መጨረሻው አካባቢ «ሴንድ» የሚል መስመር፣ ሲወጣ የተጣለ ግንኙነት ነው።

ለቤቱ ሁሉ፦ ዲኤንኤስ

እስካሁን ያየነው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚጠብቀው። ስልክና ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ፋየርዎል መጫን ቀላል አይደለም። ለእነሱ የሚሻለው በዲኤንኤስ ማጣራት ነው። ቀላሉ መንገድ ራውተሩ ላይ የዲኤንኤስ አድራሻውን 9.9.9.9 ማድረግ ነው። ይህ ኳድ9 የሚባል ነፃ አገልግሎት ሲሆን በአደገኛነት የታወቁ ድረ ገጾችን ስም አይፈታም። ማስታወቂያና ክትትልን አይዘጋም። እነዚያንም ለመዝጋት ፓይሆል ወይም አድጋርድ ሆም የሚባሉትን ሁልጊዜ በምትበራ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ትጭናላችሁ፣ ራስበሪ ፓይም ይበቃል። የትኛው መሣሪያ ምን እንደጠየቀ ይመዘግባሉ። ስማርት ቴሌቪዥን ያላችሁ ዝርዝሩን አንድ ሌሊት አሳድራችሁ እዩት።

ገደቡም ይታወቅ። ስም ሳይጠይቅ በቀጥታ በአይፒ አድራሻ የሚሄድን ነገር ዲኤንኤስ አያስቆመውም። የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ በ443 በኩል የሚጠቀምም ያመልጣል። ብራውዘሮች ውስጥ ይህ ሴቲንግ አለና መጥፋቱን አረጋግጡ።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ላይ «አክቲቪቲ ሞኒተር» ውስጥ «ኔትወርክ» ማን ምን ያህል እንደላከ ያሳያል። ለመዝጋት ሉሉ ነፃና ኮዱ ክፍት ነው፣ ሊትል ስኒች የሚከፈልበትና ብዙ ዝርዝር የሚሰጥ ነው። ሁለቱም አዲስ ግንኙነት ሲመጣ ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢግ ሰር የተባለው የማክ ሲስተም ሲወጣ፣ የአፕል የራሱ የሆኑ አንዳንድ አፖች እነዚህን ፋየርዎሎች ዘለው እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ተቃውሞ ሲበዛ አፕል በ11.2 እትም አነሳው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ መሣሪያ ሲስተሙ የሚያሳየውን ብቻ ነው የሚያየው። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ራውተሩ ላይ ነው መቆም ያለበት።

ሊኑክስ ላይ ኦፕንስኒች የሚባለው በፕሮግራም እየለየ ይጠይቃል። ዩኤፍደብልዩ የሚባለው ፋየርዎልም የሚወጣውን መዝጋት ይችላል፣ ግን በፖርትና በአድራሻ እንጂ በፕሮግራም አይለይም።

እውነትም ተንኮለኛ ከሆነ

ያገኛችሁት ነገር ቫይረስ መሆኑን ከጠረጠራችሁ በፋየርዎል ደንብ ብቻ ዘግታችሁ አትተኙ። የአድሚን መብት ያገኘ ቫይረስ ደንባችሁን ራሱ ሊሰርዘው ይችላል። ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ገመዱን ንቀሉ። «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ሲስተሙ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ እሱን አስኪዱ። የይለፍ ቃሎቻችሁን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ፣ መጀመሪያ ኢሜይሉን።

ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ

ከዘጋችሁ በኋላ አንድ ነገር ካልሠራ ደንቡን አትሰርዙ። በቀኝ ጫኑና «ዲሴብል ሩል» በሉ፣ ከዚያ ሞክሩ። ከሠራ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልሠራ መልሱትና ቀጣዩን ሞክሩ። ሁሉም ከተምታታ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ፋይል «ኢምፖርት ፖሊሲ» ብላችሁ መልሱ። ፋይሉ ከሌላችሁ «ሪስቶር ዲፎልት ፖሊሲ» አለ። እሱ ግን የእናንተንም ሌሎች ፕሮግራሞች የጨመሩትንም ደንብ በሙሉ ያጠፋል፣ ስለዚህ አንዳንድ አፖች ስትከፍቷቸው ፈቃድ እንደገና ይጠይቃሉ።